አሕመዳባድ፦ ምን ይታያል፣ ምን ይበላል፣ በስንት ሰዓት?

በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጅራት ክልል የምትገኘው አሕመዳባድ፣ ዴሊን፣ አግራንና ጃይፑርን ለማየት የሚጣደፉ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፏት ከተማ ናት። ሆኖም ዩኔስኮ በ2017 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የመጀመሪያዋ የሕንድ ከተማ እርሷ ስትሆን፣ የጉጅራት ሰዎች ምግብ ወዳድነትም በመላው ሕንድ የታወቀ ነው። ሱልጣን አሕመድ ሻህ በ1411 በሳባርማቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከቆረቆራት ጊዜ ጀምሮ አሮጌው ከተማ የነጋዴና የባለ እጅ መኖሪያ ሆኖ ስለቆየ፣ የአደባባዮቹም ሆነ የምግቦቹ ሰዓት በገበያው ውሎ የተወሰነ ነው። የቁርሱ ምግብ ከረፈደ በኋላ ትኩሱ አይገኝም፤ የማታው የምግብ ገበያ የሚዘረጋው ጌጣጌጥ ሻጮች ሱቃቸውን ሲዘጉ ነው፤ ከድንጋይ የተፈለፈሉት ዝነኛ መስኮቶችም ሙሉ ውበታቸውን የሚያሳዩት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነው። አሕመዳባድን በወጉ ማየት የሚፈልግ ሰው ከካርታው በፊት ሰዓቱን ማቀድ አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፈዋል። ሰዓቶቹ ግን በእኛ አነጋገር ናቸው፤ ጠዋት 2 ሰዓት የተባለው በሕንዶቹ ሰዓት ላይ 8 ነው።

ከመሄድዎ በፊት

ለጉብኝት የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ከተማዋ በ2013 ነዋሪዎቿን ከሙቀት አደጋ ለመጠበቅ የሚያስችል ዕቅድ ያወጣች የመጀመሪያዋ የደቡብ እስያ ከተማ የሆነችውም ችግሩ የሰው ሕይወት የሚቀጥፍ በመሆኑ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደግሞ የዝናብ ጊዜ ነው። ሦስት ሙሉ ቀን ከተገኘ ከዚህ በታች የተጠቀሰውን በአብዛኛው ሳይጣደፉ ለማዳረስ ይበቃል።

ከሙምባይ ለሚነሣ ሰው ቫንዴ ባራት የተባለው ፈጣን ባቡር ስድስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ካሉፑር ሰፈር ወዳለው ዋና ጣቢያ ያደርሰዋል። በከተማዋ ውስጥ ምሥራቅንና ምዕራብን የሚያገናኘው የሜትሮ መስመር በአሮጌው ከተማ ሥር በዋሻ ስለሚያልፍ፣ ካሉፑርና ጊካንታ የተባሉት ጣቢያዎች ለጎብኚ እጅግ ይጠቅማሉ። ለቀረው መንገድ ባጃጅ በየትም ይገኛል፤ ከመነሣትዎ በፊት ሾፌሩ ቆጣሪውን ማስጀመሩን ይመልከቱ፣ ወይም ዋጋውን አስቀድመው ይስማሙ። ማረፊያን በተመለከተ፣ ከወንዙ ማዶ በምዕራብ በኩል ያሉት ሆቴሎች ሰፋ ያሉና ጸጥ ያሉ ቢሆኑም፣ የማታውን ገበያ በእግር ሄዶ በእግር መመለስ ለሚፈልግ ሰው ላል ዳርዋጃ በሚባለው ሰፈር ማደር ይሻላል።

ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ጉጅራት በ1960 ራሱን የቻለ ክልል ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ የአልኮል መጠጥ የተከለከለበት መሆኑ ነው፤ ፈቃድ ሳይኖር ይዞ መግባት በሕግ ያስጠይቃል። ሁለተኛው፣ የመንገድ ዳር ሻጮች በአብዛኛው በስልክ በሚነበብ ኮድ ክፍያ የሚቀበሉ ቢሆንም፣ የአገሩ የባንክ ሒሳብ የሌለው እንግዳ በዚህ መንገድ ለመክፈል ስለሚቸገር፣ ዘርዘር ያለ ሩፒ፣ በተለይም ባለ 10፣ ባለ 20ና ባለ 50 ኖቶች ከኪስ ባይጠፉ መልካም ነው።

ጠዋት፦ ፖሎቹ፣ ጃማ መስጊድና ፋፍዳ

የመጀመሪያውን ጠዋት ለአሮጌው ከተማ ይስጡት። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ከ1997 ጀምሮ የሚያካሂደው የእግር ጉብኝት ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ በ1822 ከተሠራው የካሉፑር ስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ተነሥቶ፣ ጠባብ መተላለፊያዎችን አቋርጦ በጃማ መስጊድ ያበቃል። አስጎብኚ ያለው ጉብኝት ለአንዳንድ ሰው አይመችም፤ ለዚህ ሰፈር ግን ያለ ማንገራገር እመክረዋለሁ፤ ምክንያቱም ብቻውን የሚገባ እንግዳ ዋናውን ነገር ሳያየው ያልፋል።

ዋናው ነገር ፖሎቹ ናቸው። ፖል ማለት በአንድ ሙያ ወይም በአንድ ሃይማኖት የተሳሰሩ ቤተሰቦች በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩበት፣ በአንድ ትልቅ በር የሚዘጋ ሰፈር ነው። በረንዳዎቹን የሚሸከሙት የእንጨት ድጋፎች በአበባ፣ በወፍና በሰው ምስል የተቀረጹ ናቸው፤ በየአደባባዩ በአንድ ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ቻቡትሮ የሚባል የወፍ መመገቢያ ይታያል፤ ከአንዱ ፖል ወደ ሌላው የሚያሾልኩ፣ ነዋሪው ብቻ የሚያውቃቸው መተላለፊያዎችም አሉ። እነዚህ ቤቶች ሰው የሚኖርባቸው ናቸውና፣ በር ላይ ተቀምጣ አትክልት የምትከትፍ እናት ወይም ጋዜጣ የሚያነቡ አዛውንት ፎቶ ከመነሣታቸው በፊት ፈቃዳቸው ሊጠየቅ ይገባል።

በ1424 ተሠርቶ ያለቀው ጃማ መስጊድ 15 ጉልላቶች ያሉትና በ260 ምሰሶዎች የተደገፈ ነው። ምሰሶዎቹን ጠጋ ብሎ የሚመለከት ሰው የሂንዱና ጃይን የሚባለው የሕንድ ሃይማኖት ቤተ መቅደስ ጠራቢዎች እጅ በእስልምና ጸሎት ቤት ውስጥ እንዴት እንደ ሠራ በግልጽ ያያል። ሚናራዎቹ ዛሬ ጎርደው የሚታዩት የላይኛው ክፍላቸው በ1819 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ስለወደቀ ነው። ጫማ ተወልቆ ስለሚገባና የግቢው ንጣፍ ከረፋድ በኋላ እግር ስለሚያቃጥል፣ ወፍራም ካልሲ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሶላት ሰዓት በመሆኑ ጉብኝቱን ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር ተገቢ ነው።

ለቁርስ ፋፍዳና ጃሌቢ ይፈልጉ፤ በተለይ እሑድ ጠዋት ከተማው በሙሉ የሚበላው ይህንን ነው። ፋፍዳ ሠሪውን ቆም ብሎ ማየት ያስደስታል። በነጭ አዝሙድ ከተቀመመው የሽምብራ ሊጥ ትንሽ ቆርሶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ያኖርና፣ በመዳፉ ሥር ወደ ፊት በአንድ ግፊት ገፍቶ ረጅምና ስስ ያደርገዋል፤ ከዚያም ቀጭን ቢላዋ በሥሩ አሾልኮ ሳይቀደድ ያነሣውና በጋለ ዘይት ውስጥ ይለቀዋል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚወጣው ፋፍዳ ሲነኩት የሚሰበር ሲሆን፣ በእርድና በሰናፍጭ ፍሬ ከተለወሰ የተፈቀፈቀ ጥሬ ፓፓያ፣ ከተጠበሰ ቃሪያና ቢጫ ቀለም ካለው ቀጭን የሽምብራ ማባያ ጋር ይቀርባል። ጃሌቢው ተጠምዝዞ የተጠበሰና በስኳር ሽሮፕ የራሰ ጣፋጭ ነው። ጨውና ስኳሩን እያፈራረቁ መጉረስ መጀመሪያ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ አገሬው እንደሚያደርገው ማድረግ ግን ለሁለቱም ጣዕም ይጠቅማል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የሚያገኙት ቀድሞ የተጠበሰውን ስለሚሆን አይዘግዩ።

ፋፍዳ የማይስማማው ሰው ካማን ወይም ዶክላ ሊበላ ይችላል። ካማን የሚሠራው ከሽምብራ ዱቄት ሲሆን፣ ዶክላ ግን ሩዝና ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶና አድሮ በእንፋሎት የሚበስል ነው፤ ሁለቱም በላያቸው እንደ እንጀራ ዓይን ያሉ ቀዳዳዎች ያወጣሉ። በሰናፍጭ ፍሬ የጋለው ዘይት ሲፈስባቸው በእነዚያ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ቀትር፦ ወደ ሰሜን

ከከተማዋ በስተሰሜን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአዳላጅ የጉድጓድ ውኃ ሕንጻ ለቀትር የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1499 ተጠናቆ እስከ ዛሬ የቆየው ይህ ሕንጻ አምስት ፎቅ ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳል፤ ደረጃዎቹ ከሦስት አቅጣጫ ተነሥተው በአንድ ወለል ላይ ይገናኙና፣ ከዚያ አንድ ላይ ወደ ውኃው ይዘልቃሉ። ፀሐይ ወደ ታችኞቹ ወለሎች በቀጥታ የምትደርሰው እኩለ ቀን አካባቢ ለአጭር ጊዜ በመሆኑ፣ ከላይ ሙቀቱ ሲያይል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ምሰሶዎቹና ግድግዳዎቹም ላይ ያሉት ቅርጾች ጎልተው የሚታዩት በዚያች ሰዓት ነው። ያሠራችው ሩዳባይ የተባለች ንግሥት ናት። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ባሏን የገደለው ሱልጣን መሐሙድ ቤጋዳ ሊያገባት ሲጠይቃት፣ ባሏ የጀመረው ጉድጓድ ካለቀ በኋላ እሺ እንደምትል ቃል ገባች፤ ሥራው ሲያልቅም ራሷን ወደ ውኃው ወረወረች። ታሪኩ እውነት ይሁንም አይሁን፣ ውኃ በሚጠፋበት አገር መንገደኛና መንደርተኛ የሚቀዳበትን ጉድጓድ ይህን ያህል ማስጌጥ፣ ከብዙ ቤተ መንግሥት ይልቅ ልቤን የሚነካ ሥራ ነው።

ወደ አዳላጅ ከመውጣትዎ በፊት፣ በሰሜን አቅጣጫ ስለሆነ፣ ረፋዱን በሳባርማቲ አሽራም ያሳልፉ። ማሕተመ ጋንዲ ከ1917 ጀምሮ የኖሩት በዚህ በወንዙ ዳር ባለ ግቢ ሲሆን፣ በእንግሊዞች የጨው ግብር ላይ ለማመፅ ከ78 ተከታዮቻቸው ጋር መጋቢት 12 ቀን 1930 ወደ ዳንዲ የባሕር ዳርቻ በእግር የተነሡትም ከዚሁ ነው፤ ጉዞው 24 ቀን ፈጅቷል። ሲነሡ ሕንድ ነጻ ሳትወጣ ወደዚህ እንደማይመለሱ ቃል ገብተው ነበር። ሕሪዳይ ኩንጅ የምትባለው መኖሪያቸው ዝቅ ያለ የጽሕፈት ጠረጴዛና የጥጥ መፍተያ ይታይባታል። ቻርልስ ኮሪያ የነደፈው ሙዚየም በ1963 የተከፈተ ሲሆን፣ አየርና ብርሃን በነጻነት የሚገባባቸው አራት ማዕዘን ክፍሎች ያሉትና ለሰውየው ሕይወት የሚመጥን ሥራ ነው። ግቢው ሰፊ የማደስ ሥራ እየተካሄደበት ስለሆነ፣ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አመሻሽ፦ የሐበሻው መስጊድ

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወደ ላል ዳርዋጃ ይመለሱ። በሚተራመሰው የመኪና መንገድ ዳር የቆመው የሲዲ ሰይድ መስጊድ ትንሽ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን በከተማዋ ካሉት ሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ሕንጻ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲዲ ሰይድ ሐበሻ ነበር። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት ተግዘው በቀይ ባሕር በኩል ወደ ጉጅራትና ወደ ደካን የገቡ ሰዎች በውትድርና አገልግሎት ከፍ ከፍ እያሉ የጦር አዛዥና መኳንንት እስከ መሆን ይደርሱ ነበር፤ ሲዲ ሰይድም በመጨረሻው የጉጅራት ሱልጣን በሙዛፈር ሻህ ሣልሳዊ ጦር ውስጥ በነበረው በሐበሻው አዛዥ በቢላል ጁጃር ካን ሥር ያገለግል ነበር። መስጊዱ የተሠራው በ1572 እና 1573 ሲሆን፣ የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ጉጅራትን የያዘውም በዚያው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ይህ ሥራ የነጻው ሱልጣኔት የመጨረሻ ትልቅ አሻራ ሆኖ ቀርቷል።

የሚታየው በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ከመካከለኛው ቅስት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት መስኮቶች ናቸው። በአንደኛው ላይ አንድ ዛፍ ከሥሩ ተነሥቶ ቅርንጫፎቹ እየተጠማዘዙና እርስ በርሳቸው እየተሳሰሩ ቅስቱን ሙሉ ይሸፍኑታል፤ በመካከላቸውም የዘንባባ ዛፍ ቆሟል። ይህ ሁሉ ከድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ መሆኑን ለማመን ቀረብ ብሎ የቅርንጫፎቹን ጠርዝ መመልከት ያስፈልጋል። የአመሻሽ ፀሐይ ከጀርባው ሲመታው ውስጥ ላለ ሰው ድንጋዩ ጠቁሮ ብርሃኑ ብቻ የዛፉን ቅርጽ ይዞ ይታያል። ምስሉ በከተማዋ ያለው ዝነኛ የሥራ አመራር ተቋም አርማ መነሻ ሆኗል። ጫማ አውልቆ፣ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መግባት ግዴታ ነው፤ ሴቶች ወደ ውስጠኛው ክፍል ከመግባታቸው በፊት ጠባቂውን ቢጠይቁ ይሻላል። መግባት ባይፈቀድም መስኮቶቹ ከውጭ በኩል በደንብ ይታያሉ፤ ሲመሽም መብራት ይበራባቸዋል።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ላኪ የሚባለው ሻይ ቤት አለ። የተሠራው በአሮጌ የሙስሊም መቃብር ላይ ሲሆን፣ መቃብሮቹ ሳይነኩ በጠረጴዛዎቹ መካከል በአጥር ተከብበው ይገኛሉ፤ አበባም ይኖርባቸዋል። በግድግዳው ላይ የታዋቂው ሠዓሊ ኤም ኤፍ ሁሴን ሥዕል ተሰቅሏል። የሚታዘዘው በወተት የፈላ ሻይና ቅቤ የተቀባ ለስላሳ ዳቦ ነው።

እዚህ ድረስ የተጠቀሱት ምግቦች ሥጋ የሌለባቸው ናቸው። ሥጋ ለሚፈልግ ሰው በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከተሠራው ባለ ሦስት ቅስት በር ከቲን ዳርዋዛ አጠገብ ባቲያር ጋሊ የሚባል ጠባብ መንገድ አለ፤ የከሰል ጥብሱና በትላልቅ ድስት በዝግታ የሚበስለው የሥጋ ወጥ ምሽት ላይ ትኩስ ነው።

ማታ፦ ማኔክ ቾክ

ከጃማ መስጊድ ጀርባ፣ በአሕመድ ሻህና በንግሥቶቹ መቃብሮች መካከል ያለው ማኔክ ቾክ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ገበያ ይሆናል። ጠዋት የአትክልት ገበያ ነው፤ ቀን ወርቅና ብር ይሸጥበታል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ጌጥ ሻጮቹ የብረት መዝጊያቸውን ሲያወርዱ፣ ጋሪዎች፣ ምድጃዎችና የፕላስቲክ ወንበሮች አደባባዩን ይሞሉታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ድረስ ምግብ ይሸጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት መሄድ ጋሪዎቹ ሲተከሉ ለማየት ካልሆነ አይመከርም። ቅዳሜና እሑድ ወንበር ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የሥራ ቀን ይምረጡ።

ገና ሲገቡ የምግብ ዝርዝር የያዙ አስተናጋጆች ከየአቅጣጫው ይጠራሉ። ሳይቀመጡ አንድ ጊዜ አደባባዩን ዞረው ይመልከቱ፤ ቤተሰብ ከነልጆቹ የተሰበሰበበትንና ምጣዱ ሥራ የማይፈታበትን ጋሪ ይምረጡ፤ ዋጋውን አይተው ያዝዙ። አንድ ሳህን ለሁለት ሰው አዝዞ ሌላ ቦታ ለሚቀምሱት ሆድ መተው ብልህነት ነው፤ ምግቡ ከባድ ነውና።

መጀመሪያ ፓቭ ባጂ ይዘዙ። ድንች፣ ቲማቲም፣ አተርና ቃሪያ በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ከቅመም ጋር እየተደቆሱ ይበስላሉ፤ አብሳዩ በጠፍጣፋ መጨለፊያው ምጣዱን እየመታ ያዋሕዳቸዋል፤ ቅቤውንም በእንክብል ሳይሆን በትልልቅ ቁራጭ ይጥልበታል። ዳቦው ለሁለት ተሰንጥቆ በዚያው ምጣድ ጠርዝ ላይ ይጠበሳል። ሎሚ ጨምቀው፣ ጥሬ ሽንኩርት ነስንሰው ይብሉት። ከዚያ ቀጥሎ ጓሊዮር ዶሳ የሚባለውን፣ በአትክልትና በብዙ አይብ የተሞላውን የሩዝ ቂጣ መሞከር ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚያወራለትን የቸኮሌትና የአይብ ሳንድዊች ግን እኔ አልመክርም፤ በእርሱ ፈንታ ማጠናቀቂያው ፈልቶ ከወፈረ ወተት የሚሠራው ቀዝቃዛው ኩልፊ ቢሆን ይሻላል።

በሌሎች ጎዳናዎች የሚገኘውን ዳቤሊንም አይለፉት። መነሻው የጉጅራት አካል የሆነው ካች ነው፤ ቅመም የገባበት የተፈጨ ድንች፣ ኦቾሎኒ፣ የሮማን ፍሬና የሮቃ ማባያ በዳቦ መካከል ይገባሉ። በዝናብ ወቅት ደግሞ ከማሾ የሚጠበሰው ዳልቫዳ በጥሬ ሽንኩርትና በቃሪያ ይበላል፤ በዚያ ወቅት የሄደ ሰው ሰልፍ ያለበትን ቦታ ይከተል።

ጾመኛና ሆዱን የሚጠነቀቅ ሰው

ሥጋና እንቁላል አለመኖሩ ብቻ ምግቡን ጾም አያደርገውም፤ ቅቤ፣ እርጎና አይብ በብዛት ይገባሉ። «ማካን ቫጋር» ካሉ ያለ ቅቤ እንዲሠራልዎ መጠየቅዎ ነው፤ ፓቭ ባጂና ዳቤሊ በዘይት ብቻ ሊሠሩ ይችላሉ። ዳልቫዳና ፋፍዳ በአብዛኛው ያለ ወተት ተዋጽኦ የሚዘጋጁ ናቸው፤ ካማንና የፋፍዳው ማባያ ግን አንዳንድ ቤት እርጎ ስለሚገባባቸው፣ ጃሌቢም በቅቤ ሊጠበስ ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል። ሻጮቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስገርማቸውም፤ ጃይኖች ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ስለማይበሉ በየጋሪው ለእነርሱ የሚሆን የተለየ አሠራር አለና።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከዘይትና ከምጣድ በቀጥታ የወጣ ትኩስ ነገር ብቻ ይብሉ። ፓኒ ፑሪ፣ ማለትም በቅመም ውኃ የሚሞላው ስስ ኳስ መሰል ጥብስ፣ እጅግ ጣፋጭ ቢሆንም ውኃው ስለማይፈላ፣ የታሸገ ውኃ እንደሚጠቀም በግልጽ ከሚያሳይ ሻጭ ካልሆነ ይተዉት። በረዶንም እንዲሁ።

ጊዜ ከተረፈ

በ1949 የተመሠረተው የካሊኮ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ነው፤ የሚገባው ግን አስቀድሞ በመመዝገብ ብቻ ስለሆነ ከጉዞው ሳምንታት በፊት መጻፍ ያስፈልጋል። በ1848 የተሠራው የሃቲሲንግ የጃይን ቤተ መቅደስ ነጭ እብነ በረዱ በማለዳ ብርሃን ያምራል። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ሳርኬጅ ሮዛ፣ የሼክ አሕመድ ካቱ መቃብርና በኩሬ ዙሪያ የተሠሩ አዳራሾች ያሉበት ሲሆን፣ ለአንድ ጸጥተኛ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ጉዞው ጥር 14 ቀን አካባቢ ከዋለ፣ በጎርጎርዮሳዊው ማለቴ ነው፣ ኡታራያን የሚባለው በዓል ይገጥምዎታል፤ ከተማው በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ካይት፣ ማለትም በክር ተይዞ በነፋስ የሚበር ወረቀት፣ ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የክረምት አትክልቶች በቅመም የሚበስሉበት ኡንዲዩ ከጃሌቢ ጋር ይበላል። የካይቱ ክር የሌላውን ለመቁረጥ በጠርሙስ ዱቄት ስለሚቀባ አንገት ይሰነጥቃል፤ በእነዚያ ቀናት በሞተር ብስክሌት አይሂዱ፣ በእግር ሲሄዱም አንገትዎን በሻርፕ ይሸፍኑ። በጣሪያ ላይ የሚቀበልዎ ሰው ከተገኘ ከማለዳው ጀምረው እስኪመሽ እዚያው ይዋሉ፤ ምሽት ላይ ከካይቶቹ ክር ጋር የወረቀት ፋኖሶች ይወጣሉ።